መንግሥት ሄደ፣ ሴራ አልሄደም

እኔ በተወለድሁበት በመንዝ «ሴራ» ክፉ ቃል ነው። ሰው በሰው ላይ ተደብቆ የሚጎነጉነው ተንኮል ነው፤ እናቴ ቃሉን ስታነሣ እንኳ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። ቡታጅራ ከመጣሁ በኋላ ይኸው ቃል በጎረቤቶቼ አፍ ሌላ ነገር መሆኑን ሳላውቅ ብዙ ኖርሁ። ባለማወቄም አንድ ሽማግሌ ሊሰቀሉ ነበር። ሰዎች ስለ መንግሥትና ስለ መሪ ሲከራከሩ በሰማሁ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ወደዚያ ነገር ስለሆነ፣ እንደሆነው አድርጌ ልጽፈው አሰብሁ። ለራሴ እንዳላደላ እግዚአብሔር ይርዳኝ።

ወደ ቡታጅራ ያመጣኝ ባለቤቴ ነው። በገዢው ግቢ ጸሐፊ ነበር። ጣሊያን ወሰን አለፈ ሲባል ከሠራዊቱ ጋር ዘመተ፤ ከዚያ ወዲያ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። እኔ ጥጥ እየፈተልሁ፣ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እየሳምሁ ቀረሁ። ከአጥሬ ማዶ የእኒያ ሽማግሌ የእንሰት ማሳ ነበር። ያገሬው የመስቃን ሰው ናቸው፤ እስላም። ስንተያይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ዝቅ ያደርጉልኛል፣ እኔም እጅ እነሣለሁ፤ ከዚያ አልፈን አናውቅም። በመካከላችን ምን እንደቆመ ሁለታችንም እናውቀዋለን። የገዢው ሰዎች ከማሳቸው እየነዱ ያሠሯቸው አጥር አለ፤ ከቀፏቸው ያስወረዱት ማር አለ። ትእዛዙን የጻፈው ባለቤቴ ነበር። እኔም ከዚያ ማር በልቻለሁ።

ሠራዊቱ ተሸነፈ የሚል ወሬ በመጣ ጊዜ ገዢው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆሞ ተናገረ። «እኔ እዚህ ቆሜ እናንተን የሚነካ የለም!» አለ። ድምፁ ያማረ፣ ቁመናው የሚያስከብር ሰው ነበር። እልል አልን፤ እኔም እልል ካሉት ነበርሁ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ፈትል ላደርስ ወደ ግቢው ብሄድ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በቅሎዎቹ የሉም፣ ጓዙ የለም፣ ዘበኛ የለም። የቀረው ውሻው ብቻ ነበር፤ እንደታሰረ። የሰማ ሁሉ እየመጣ ያንን ውሻ ቆሞ ያያል። በኋላ አንዲት አሮጊት ሄደው ፈቱት። እሱ ግን ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት እዚያው ተቀመጠ።

ከሰሜን የመጣን ቤተሰቦች ሁሉ ልጆቻችንንና ጥቂት ዕቃችንን ይዘን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ገባን። የምንፈራው ጣሊያንን ብቻ አልነበረም። ያገሬው ሰው የቆየ ቂሙን የሚወጣበት ቀን መጣ ብለን ነበር፤ ቂም እንዳለውም የምናውቀው የበደልነው እኛ ስለሆንን ነው። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሽማግሌው ብቻቸውን መጡ። ከበሩ ውጭ ቆሙ፤ አላለፉም። ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተክለው ጮኹ፦

«እናንተ ሰዎች! አትፍሩ! መንግሥት ሄደ፤ ሴራ አልሄደም!»

አጠገቤ የነበረች የወታደር ሚስት ደረቷን መታች።

«ሰማሽልኝ? አትፍሩ እያለ ሴራው አልሄደም ይላል! አፍ አውጥቶ!»

«ዝም በይ፣ ይሰሙሻል» አልኋት።

«ይስሙኛ! ከዚህ ወዲያ ምን ሊያደርጉኝ ነው?»

ሽማግሌው ፊታችን ሲለዋወጥ አዩ። ያልሰማናቸው ሳይመስላቸው አልቀረም፤ ጠጋ ብለው ባለ በሌለ ድምፃቸው ደገሙት። «ሴራ አለ! ሴራ ትልቅ ነው! ሁላችንም ገብተናል!» ይህን ጊዜ ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ። እሳቸውም ግራ ገብቷቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዱላ የያዙ ወንዶች በቅጥሩ ዙሪያ በእንሰቱ ጥግ እየተፈራረቁ ተቀመጡ። ከበቡን አልን። በሩ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ከነጎመኑ ተቀምጦ ስናገኝ ደግሞ መርዘውታል አልን። ልጆቹ በራብ ሲያቃስቱ አንድ ሽማግሌ ቄስ ባርከው ቀመሱ፤ እስከ ቀትር ድረስ ሁላችንም ፊት ፊታቸውን ስናይ ዋልን። «ምነው እንዲህ ታፈጡብኛላችሁ፤ ገና አልሞትሁም» አሉ። ከዚያ በልተን ጠገብን። ሳምንታት አለፉ፤ የነካን የለም። በሌላ አገር የእኛ መሰሎች ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ተገደለ ሲባል እንሰማለን። እኔ የታቦቱ ተአምር ነው ብዬ አመሰገንሁ። ዛሬም ተአምር ነበር እላለሁ፤ በማን እጅ እንደተሠራ ግን ያኔ አላወቅሁም።

ጣሊያን ሲገባ ወደየቤታችን ተመለስን። ጣሊያኑ ሹም በቀድሞው ገዢ ግቢ ተቀመጠ። የመጀመሪያው አዋጅ ማንም በቤቱ ይደር፣ ማንም አይነካም የሚል ነበር፤ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት በገበያው ዛፍ ላይ ተለጠፈ። የጸሐፊ ሚስት ነኝና ማኅተም ሳይ ልቤ ይረጋ ነበር። ሹሙ ያመጣው አስተርጓሚ የእኛ ሰው ነው፤ ከሰሜን፣ ክርስቲያን። እሑድ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ያስቀድሳል፣ መስቀል ይሳለማል። አንድ እሑድ በቅጥሩ ካለው ዋርካ ጥላ ሥር ጠበቀኝ።

«እኅቴ፣ መንግሥት ባልነበረበት ሰሞን ወደ እናንተ የመጣ ሰው ነበር?»

«ነበር።»

«ምን አለ?»

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነገር እጠነቀቃለሁ፤ በምላሴ ሐሰት እንዳይገኝ። የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርሁት። «መንግሥት ሄደ፣ ሴራ አልሄደም፤ ሁላችንም ገብተናል አሉ» አልሁ። ከኪሱ ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። ስሜን አልጠየቀኝም፤ ስላልጠየቀኝ ደስ አለኝ። ይህንን ደስታዬን ለንስሓ አባቴ የተናዘዝሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በገበያ ቀን ሽማግሌውን ከገበያው መካከል ያዟቸው። እጃቸውን በገዛ ኩታቸው አስረው ወሰዷቸው። ነጋሪት ተጎሰመ፤ በመንግሥት ላይ ሴራ ስላደረጉ በሚቀጥለው ገበያ ይሰቀላሉ ተባለ። ሕዝቡ አዋጁን ሲሰማ ሴራ በማድረግ ሰው እንዴት ይሰቀላል ብሎ እርስ በርሱ ይተያይ ነበር። እኔ ግን መተያየታቸው አልገባኝም።

በማግሥቱ ሚስታቸው መጡ። በቤቴ ደፍ ላይ ሆነው አልገባም አሉ።

«አንቺ ነሽ አሉ የተናገርሽ።»

«እሳቸው ያሉትን ነው የተናገርሁት፣ እማማ። አንድም አልጨመርሁ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ሴራ አለ አሉ።»

«እና አለ! ሴራ አለ! ሴራ የሌለው አገር ነው እንዴ?»

ተያየን። በቡናማ ጥርሳቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ጣታቸውን እያጠፉ ጀመሩ። «በመሬት ሰው ሲጣላ፣ ሴራ ነው የሚፈርደው። ደም ሲፈስ ሴራ ነው የሚያስታርቅ። ባሏ የመታት ወደ ሴራ ትሄዳለች። ሴራ ዳኛ ነው። ሕግ ነው፤ የአባቶች። እናንተ እዚያ ቅጥር ውስጥ ስትተኙ ማን ጠበቃችሁ? አንዳንዱ የኛ ሰው እናቃጥል አለ፤ የተበደለ ብዙ ነው። እሱ ሴራ ጠራ። ሦስት ቀን ተቀምጠው ተከራከሩ። ሴትና ልጅ እንግዳ ነው፣ አይነካም ተባለ። ቆጮውን እኔ ነኝ የጋገርሁት።»

 ከነገርሁት ሁሉ አንዲት ቃል እንኳ ሐሰት አልነበረችም፤ ሰውየውን ወደ ገመድ የሰደደችው ግን ያቺው ቃሌ ናት።

«ምን ላድርግ?» አልኋቸው።

«እኔን አትጠይቂ። ነይ።»

በእንሰቱ መካከል ይዘውኝ ሴራ ወደሚቀመጥበት ትልቅ ዝግባ ሄዱ። ወንዶቹ በሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ወንበር የለም፣ ከፍ ያለ ቦታ የለም። ሴት በዚያ እንደ ልብ አትናገርም፤ ነገር ግን ሚስታቸው ጎኔን ገፉኝና ተነሣሁ፤ እኔ በአማርኛ ስናገር እሳቸው በቋንቋቸው ተረጎሙልኝ። ጥፋቴን ስናገር ያቋረጠኝ የለም። ይሰድቡኛል፣ ምናልባትም ይመቱኛል ብዬ ነበር። ከጨረስሁ በኋላ መጀመሪያ የጠየቁት ሚስታቸውን ነው፤ «ከዚህች ሴት ምን ትፈልጊያለሽ?» አሏቸው። «ቃሉን ከሰጠችው ሰው ዘንድ ሄዳ ትመልሰው» አሉ። ፍርዱ ያ ሆነ። ከዚያ ያልጠበቅሁት መጣ፤ «ብቻዋን አትሄድም፤ ሁላችንም እንሄዳለን» ተባለ።

በማግሥቱ ከሹሙ ግቢ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ ሰዎቹ ተቀመጡ። ዱላቸውን ከፊታቸው በሣሩ ላይ አጋደሙ። አልጮኹም፣ አልለመኑም። እኔ ከሚስታቸው ጋር ወደ በሩ ሄድሁ። አስተርጓሚው ወጣ።

«ምን ሆነሻል፣ እኅቴ? እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ሴራ ናቸው። ተሳስተናል፤ እኔም አንተም። በእነሱ አፍ ሴራ ማለት ሕግ ነው፣ ሸንጎ ነው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «አሁን ነው የምትነግሪኝ? ሹሙ ከፈረደ በኋላ? ተሳስቼ ተረጎምሁ ብዬ ብነግረው እኔን ምን የሚያደርገኝ ይመስልሻል?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ትላለች!»

«ሴትዮዋ አሳሳተችኝ በለው። እነሆ፣ ቆሜያለሁ።»

ጀግና ነበርሁ እንዳይመስላችሁ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ አየ። ገብቶ ከሹሙ ጋር ተመለሰ። ሹሙ በሣሩ ላይ የተቀመጠውን ሕዝብ እያየ አንድ ነገር ጠየቀ። አስተርጓሚው ረዘም አድርጎ ተናገረ። ጣሊያንኛ አልሰማም፤ የለየሁት «ሴራ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው፣ ሁለት ጊዜ። ወደ እኔ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠቆመም። እጁን ወደ ገዛ ደረቱ ሲመልስ አየሁ። ሹሙ በአለንጋው ጫፍ የአስተርጓሚውን ባርኔጣ ከራሱ ላይ ጣለው። አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ አላነሣውም፤ እንደቆመ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ተለቀቁ። አስተርጓሚውን ግን በሚቀጥለው እሑድ አላየነውም፤ ወዴት እንደወሰዱት የሚያውቅ የለም። የክርስትና ስሙን ስላልጠየቅሁት በጸሎቴ «ያ ባሪያህ» እያልሁ ነው የማስበው።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ቀጥሎ ያለውን ለመንገር ነው። ሽማግሌው ከእስር ሲወጡ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። እኛን አስከትለው ቀጥ ብለው ወደ ዝግባው ሄዱ። ሰዎቹ የወትሮ ቦታቸውን ለቀቁላቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ቆመው ተናገሩ፤ ሚስታቸው በጆሮዬ ይነግሩኛል። «በደንብ በማላውቀው ቋንቋ ለፈራ ሰው ተናገርሁ። ምን እንደሰማ ሳልጠይቅ ሄድሁ። በዚህ ምክንያት እኔ ታሰርሁ፣ ይህች ሴት ተሳሳተች፣ እናንተ ሥራ ፈታችሁ። ፍረዱኝ።»

ለወጉ ያህል መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን የምር ተከራከሩ! አንዱ ተነሥቶ፣ «ድሮም መጮህ ትወዳለህ፤ መስማት ላይ ነው የምትሰንፈው» ሲላቸው ሰው ሁሉ ሣቀ፤ እሳቸውም ሣቁ። እኔ ገዢ ሲፈርድ እንጂ ሲፈረድበት አይቼ አላውቅም። በደጀ ሰላሙ የቆመው፣ ያ ድምፁ ያማረ ሰው፣ ለአንዲት ቀን እንኳ በእኛ ፊት ቆሞ «ምን አጠፋሁ?» ቢለን ኖሮ እያልሁ አሰብሁ። ያንን ባለማኅተም ወረቀትም አሰብሁ፤ ተሳሳትህ የሚለው ሰው የት ሄዶ ያገኘዋል?

እስከ መጪው ክረምት ድረስ በሴራ ቀድመው እንዳይናገሩ፣ ከዳር እንዲቀመጡ ተፈረደባቸው። ዘንጋቸውን አንሥተው ወደ ዳር መጡ፤ ዳሩ ደግሞ እኛ ሴቶች የተቀመጥንበት ነው። እፎይ ብለው አጠገቤ ተቀመጡና ኩታቸው የላጠውን የእጃቸውን አንጓ ማሸት ያዙ።

«እንግዲህ» አሉኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፣ «ያኔ በሩ ላይ ምን ነበር ያልሁት?»

«አሁን ገብቶኛል፣ አባባ።»

«ገብቶኛል አትበዪኝ። በይ ንገሪኝ፤ ምን አልሁ?»

ነገርኋቸው። መንግሥት ሄደ፤ ሕጋችን ግን አለ፤ ሁላችንም በእሱ ሥር ነን፤ እናንተም ጭምር፤ ስለዚህ አትፍሩ አሉ፣ አልኋቸው። እስክጨርስ ድረስ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝ።