ለመኪና ምዝገባ የተላኩ ሽማግሌዎች

መንገደኛን የሚጠብቅ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁንና፣ በደርግ ዘመን ተሰድደን ሳለ ከስኮትላንድ ወደ ለንደን በተዛወርን ጊዜ በመኪናችን ምክንያት የደከምነውን እጽፋለሁ።

ባለቤቴ ኩላሊቷን ታምማ ሆስፒታል ትመላለስ ነበር። መኪናችን ስኮትላንድ ሳለን በረጅም ውል የተከራየናት ስትሆን፣ በአዲሱ አድራሻችን ሳትመዘገብ እንዳላሽከረክራት ተነግሮኝ ነበር። የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ደጋግሞ ስለ መለሰኝ፣ እንደ አገራችን ልማድ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ሄድሁ፤ አንዱ በአገር ቤት ዳኛ የነበሩ፣ ሌላው በለንደን ሰፈራችን በሼፈርድስ ቡሽ ጎረቤቴ የሆኑ ናቸው።

ዳኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው በመስኮቱ ለተቀመጠችው ጸሐፊ እጅ ነሡና፣ "ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ፤ ሚስቱ ታማበታለች" ሲሉ በእንግሊዝኛ ለመኑ።

ጸሐፊዋ ግራ ተጋብታ፣ "ሾፌሩ ከሦስታችሁ የትኛው ነው?" አለች።

"እሱ ነው። እኛ አማላጆች ነን" አሉ ዳኛው።

"መኪናዋ የአከራዩ ድርጅት ናት። አድራሻውን የሚያስለውጠው ድርጅቱ ስለሆነ ለእሱ ጻፉ፤ ሳምንታት ይወስዳል" አለች፣ በትሕትና።

ወጥተን አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። "ነገ ሆስፒታል እንዴት አደርሳታለሁ?" አልሁ።

ጎረቤቴ፣ "ለድርጅትማ ሽማግሌ አይላክ! ደጁስ የት ይገኛል?" ብለው ሣቁ። ዳኛው ግን፣ "ሽማግሌ የጀመረውን ሳይጨርስ ቤቱ አይገባም" አሉ።

በማግሥቱ ጧት ሁለቱም በራችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። የምዝገባው ወረቀት እስኪመጣ ድረስ ባለቤቴን ግራና ቀኝ ደግፈው በአውቶቡስ አመላለሷት።

እግዚአብሔር አንባቢውንና ቤተ ሰቡን በጤና ያኑር፤ በደከማችሁ ቀን ሰው አያሳጣችሁ፤ አሜን።