ዱቄት የለበሰው ንብ

የፉሪው ዲሪባ በሕይወቱ ሙሉ በሙሉ ያመነው ንብን ብቻ ነበር። እሱም መስከረም መጨረሻ ላይ ጥሎት ሄደ።

ሰው አለማመኑ ከሥራው የመጣ ነው ይላሉ። ሰበታ መንገድ ላይ አንድ ፋብሪካ በር ላይ የጭነት መኪና ይመዝናል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና ባዶውን ሲገባና ሞልቶ ሲወጣ ሲመዝን ኖሮ፣ አሁን ሹፌር ሁሉ ከወንበሩ ሥር የሆነ ነገር የደበቀ ይመስለዋል። ቤቱ ሲገባም ሚዛኑን አያወርድም። የዘይቱ ጠርሙስ ላይ ዘይቱ የደረሰበትን ቦታ በእስክርቢቶ ያሰምራል። ሚስቱ ገለቴ ደግሞ ወጥ ሠርታ ስትጨርስ መስመሩን በእርጥብ ጣቷ ታጠፋና ዝቅ አድርጋ ታሰምርለታለች። ትዳራቸው በዚህ ሁኔታ ሰላም ነው።

እሁድ እሁድ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ከቤተክርስቲያን መልስ ቦቲውን ያጠልቅና ልጁን ፌኔትን ይዞ ዳገቱን ይወጣል። ፌኔት ዘጠነኛ ክፍል ናት። እሷ የምትወጣው ላይ ኔትወርክ ስላለ ነው፤ እሱ ግን የንብ ፍቅርን ከአያቷ የወረሰች ይመስለዋል። በዕድሜው ሳይጠረጥር ያለፈው ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ዳገቱ ላይ የነበረው የአባቱ ማሳ ዛሬ ከዳር እስከ ዳር የሰው ቤት ሆኗል። የቀረው ገደል አፋፍ ላይ የቆመ አንድ ግራር ነው፤ ቤት ስለማያሠራ ማንም አልፈለገውም። ግራሩ ላይ የአባቱ ቀፎ ተሰቅሏል። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ «መሬቱስ መሄዱ አይቀርም፤ ንቤን ግን አደራ» ብለውት ነበር። መሬቱ እንዳሉት ሄደ። ንቡ ቀረ። ዲሪባ ያንን ቀፎ ሲያይ አባቱ ገና ያልጨረሱት ወሬ ያላቸው ይመስለዋል።

እና መስከረም መጨረሻ፣ አደይ አበባው ዳገቱን ቢጫ ባደረገበት እሁድ፣ አባትና ልጅ ሲደርሱ ቀፎው ዝም ብሏል። ዲሪባ ጆሮውን አስጠጋ። በዱላ መታ መታ አደረገው። ባዶ ቤት እንደሚመልሰው መለሰለት።

«ተሰርቋል» አለ።

«አባዬ፣ ሄደው ይሆናላ» አለች ፌኔት። «ባዮሎጂ ላይ ተምረናል። ንብ ሲበዛ ቤት ይቀይራል።»

«ባዮሎጂ ፉሪን አያውቅም።»

ሌባውን ለማግኘት ሩቅ አልሄደም። በቆርቆሮ አጥር የሚዋሰኑት ጎረቤቱ ተድላ፣ ከጎጃም መጥቶ ሚስማርና ቀለም የሚሸጥ ሰው፣ ሐምሌ ላይ ቢጫ ቀለም የተቀባ ዘመናዊ ቀፎ ግቢው ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ሣጥን ነው፤ መሳቢያ ያለው። ክረምቱን ሙሉ ባዶውን ቆየ። የዲሪባ ንብ በጠፋ በሦስተኛው ቀን ግን ንብ ይገባና ይወጣበት ጀመር።

«ተድላ፣ ንቡን ከየት አገኘኸው?» አለው ዲሪባ በአጥሩ ቀዳዳ።

«ከተፍኪ ገዛሁት፣ ጋሽ ዲሪባ።»

ዲሪባ ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፈና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ንብ ይሸጣል እንዴ? ንብ ይመጣልሃል እንጂ!

ዲሪባ ራሱም ንጹሕ አልነበረም ታዲያ። ነሐሴ ላይ ለመንጋው መስፋፊያ ብሎ አዲስ ቀፎ ሠርቷል። ሸምበቆውን ጠርቦ፣ በእበት ለቅልቆ፣ በወይራ ጭስ አጥኖ፣ ውስጡን በአሮጌ የማር ሰፈፍ አሸው። ንብ ይሄን ሽታ ካገኘ ጠሪ አያስፈልገውም። ይሄ የአባቱ ሙያ ነው። ተድላ በአጥሩ በኩል አንገቱን አስግጎ ሲያይ ግን «ሙያዬን ሊወስድ ነው» ብሎ ደነገጠ። ገለቴ ገበያ በሄደችበት ቀን መሰላል አቁሞ፣ ከጣሪያው ጠርዝ የላላውን ቆርቆሮ ገለጥ አድርጎ፣ ቀፎውን ኮርኒሱ ላይ አስገባና ደበቀው። እዚያ መኖሩን ከእሱና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም።

ንቡ በጠፋ ሰሞን ገለቴ አንድ ነገር አመጣች።

«ይሄ ፍሪጅ መብራት ሲጠፋም ያጉረመርማል።»

ዲሪባ ማላመጡን አቆመ። «መብራት ጠፍቶ?»

«ጠፍቶ።»

«ከተድላ ቤት መስመር ገብቶብናል ማለት ነው።»

«ታዲያ በእሱ ቆጣሪ ከሆነ እኛን ምን ቸገረን?»

«እሱ አይደል የሚያጠራጥረው! ተድላ በነፃ ምን ሰጥቶ ያውቃል?»

ማስረጃ ያስፈልጋል። በሚቀጥለው እሁድ ዲሪባ ከገለቴ ዕቃ ቤት አንድ ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት ሰረቀ። ፌኔትን ይዞ ዳገቱ ላይ ንብ ውሃ ወደሚጠጣበት ኩሬ ሄደ። የመጡትን ንቦች አንድ በአንድ ጀርባቸውን ዱቄት ነሰነሰባቸው። ነጭ ንብ ከሩቅ ይታያል፤ ቤቱ የት እንደሆነ ራሱ ይመራሃል።

«ሩጪ!»

አባትና ልጅ ቁልቁል ሮጡ። ንቡ ቀጥ ብሎ ይበራል፤ እነሱ የሰው አጥር ይዞራሉ። ዲሪባ አንድ የጎመን መደብ ረገጠ፣ በአንድ ውሻ ተባረረ፣ ቦቲው አንድ ጊዜ ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት በካልሲው ሮጦ ተመለሰ። ነጮቹ ንቦች ሁሉ የሄዱት በአንድ መስመር ነው፤ ወደ ራሱ ሰፈር፣ ወደ ራሱ መንደር፣ ወደ ተድላ ግቢ አቅጣጫ።

«አየሽ?» አለ እያለከለከ።

«አባዬ፣ እኛም ቤት እኮ እዚያው ነው።»

«እኛ ቀፎ አለን እንዴ?» አለና፣ የደበቀው ትዝ አለው። ግን የሰው ዓይን ያላየውን ንብ ከየት አውቆ! ነገሩን እዚያው ተወው።

ማክሰኞ ለሽማግሌ ተናገረ። እሁድ ጠዋት የሰፈሩ አዛውንት ኦቦ ጋሮማ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የዲሪባ ሳሎን ተቀመጡ። ተድላም ነጭ ኩታውን ለብሶ መጣ። ዲሪባ ማስረጃው ትኩስ እንዲሆን ብሎ ጎህ ሲቀድ ኩሬው ሄዶ ንቦቹን እንደገና ዱቄት አልብሶ ተመልሷል። ከሽምግልናው በኋላ ሽማግሌዎቹን ሁሉ ይዞ ወደ ቢጫው ሣጥን ሄዶ ነጮቹን ንቦች ሊያሳያቸው ነው።

«ንብህን በምን ታውቀዋለህ?» አሉ ኦቦ ጋሮማ።

«በፀባዩ ነዋ፣ ኦቦ። የአባቴ ንብ ነው። አንቱም ያውቁታል፤ ሰውን ከኋላው አይነድፍም።»

«ኤዬ፣ እኔን አንዴ ከኋላ ነድፎኛል።»

«ዞረው ይሆናላ።»

ተድላ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባቶቼ፣ እኔ ንቤን ተፍኪ ድረስ ሄጄ ገዝቼ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር አስቀምጬ፣ የሁለት ሰው ከፍዬ ያመጣሁ ሰው ነኝ።»

«ተሳፋሪው ዝም አለህ?» አለ ዲሪባ።

«ጤፍ ነው አልኳቸው።»

«ሰማችሁ? በአፉ! ውሸታም ነው!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ዲሪባ ጊዜው የእሱ እንደሆነ ገባውና ተነሥቶ ቆመ። «እኔ ብዙ አልፈልግም። የአባቴ አደራ ነው፤ ንቤ ይመለስልኝ። ደግሞ ንቡ ቤቱ የተገኘበት ሰው አንድ ሙክት በግ አርዶ፣ ሰፈሩን ሰብስቦ፣ ይቅርታ ይጠይቅ። ማሎ፣ እባካችሁ፣ ይሄ በዛ?»

«አልበዛም» አሉ ኦቦ ጋሮማ። «ተድላ፣ ትስማማለህ?»

«እስማማለሁ። ማንም ይሁን ማን።»

ዲሪባ ደስ ብሎት ሲቀመጥ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ዝም አለ፣ የጓዳው አምፖል ጨለመ። ፍሪጁ ግን አላቆመም።

«ይሄ ፍሪጅ ምን ይበላል?» አሉ ኦቦ ጋሮማ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ እየነገርኩት!» አለች ገለቴ ከጓዳ። «መብራት ቢጠፋም ያጉረመርማል!»

ፌኔት ተነሥታ ሶኬቱን ነቀለችው። ጉርምርምታው ቀጠለ። ኦቦ ጋሮማ አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ በከዘራቸው ጫፍ የማዳበሪያውን ኮርኒስ ገፋ አደረጉት። ጉርምርምታው ጨመረ። ከስፌቱ ቀዳዳ አንድ ንብ ወጣች። ወረደች። ዲሪባ ጉልበት ላይ አረፈች። ጀርባዋ ላይ ነጭ ዱቄት አለ።

ተድላ አይስቅም፤ ሊስቅ ግን ኩታውን ወደ አፉ አስጠግቷል።

«ቤቱ የማን ነው?» አሉ ኦቦ ጋሮማ፣ እንደማያውቅ ሰው።

ዲሪባ ጉልበቱን አየ። ንቧን አልነካትም። ተነሥቶ መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ግድግዳው ከውስጥ ይንቀጠቀጣል። የአባቱ ንብ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአናቱ በላይ ሲኖር፣ እሱ የሰው ጎመን ሲረግጥ ነበር። ዓይኑ እርጥብ አለ። ለንቡ ይሁን ለበጉ አልተለየም።

በጉ በሚቀጥለው እሁድ ታረደ። ዲሪባ ሰፈሩ ፊት ተድላን «አጥፍቻለሁ» አለው፤ ተድላም አቅፎ ሳመውና የንብ መሸፈኛ ልብሱን አዋሰው። ዲሪባ ልብሱን ተቀበለና የኪሱን ውስጥ አየ። ንቡን ለማውረድ ሲነሣ ግን ኦቦ ጋሮማ ከለከሉት፤ በራሱ ፈቃድ ቤት የገባ ንብ ማሩ ሳይቆረጥ አይነካም።

እንግዳው ሲበተን ዲሪባ ገለቴን ጠራት።

«አንቺ፣ ቀፎው እዚያ መኖሩን ለንቡ ማን ነገረው?»

«ሰፈፉ ሸቶት ይሆናላ። እኔን ከነሐሴ ጀምሮ ሲሸተኝ ነበር።»

«ሸቶሽ? ታዲያ ለምን አትናገሪም!»

«አንተ የደበቅከውን ማን ይነካል?» አለችና ሳህኖቹን ይዛ ሄደች።

ዲሪባ ቆሞ አሰበ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጓዳ ገባና የዘይቱን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ያን ሁሉ ሰው አብልተው፣ ዘይቱ እስክርቢቶው መስመር ላይ ልክክ ብሏል።

ይሄ ደግሞ ይበልጥ አጠራጠረው።