ኮሪደር ላይ ያፈሰስኩት ወንዝ

የታፔላ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ብሩሽ ሰጡኝና አሰላ ላለ አንድ ሥጋ ቤት በሬ ሣል አሉኝ። ደንቡ ሌላ ነው፤ ጀማሪ ቀለም ይበጠብጣል፣ ቀጥሎ ፊደል ይሞላል፣ ሥዕል የሚነካው ከዓመታት በኋላ ነው። እሳቸውን ግን ያን ቀን ወገባቸውን አሟቸው ነበር። ባለሥጋ ቤቱ ሥራዬን ትኩር ብሎ አየና፣ "ወንድሜ፣ እኔ ውሻ አልሸጥም" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን ታፔላ ጻፍኩ፤ በሬዬም ቢያንስ ቀንድ አበቀለ። ማረፍ በሚገባኝ ዕድሜ እዚያው አሰላ ያለ አንድ ሙዚየም ጠራኝ። ኃላፊው ውጭ አገር አይቶ የመጣ ወጣት ነው። ኮሪደሩ ላይ ዓይን የሚያታልል ሥዕል ፈለገ፤ የገባ ሰው ፊቱ እውነተኛ ወንዝ ያለ እንዲመስለው። የምርቃቱ እንግዶች ካልወደዱት በክሬም ቀለም እንደሚያስደፍነው ገና ሳልጀምር ነገረኝ።

እንዲህ ያለ ሥዕል ልክ የሚመጣው ከአንድ ቦታ ሲታይ ብቻ ነው። የበሩ ደፍ ላይ በዓይኔ ቁመት እንጨት አቁሜ ጫፉ ላይ ምስማር መታሁ። ከምስማሩ ሲባጎ እየወጠርኩ የወንዙን ዳርና ዳር ግድግዳውና ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ደፉ ላይ ቆመው ሲያዩት ግድግዳው ላይ ከሣልኩት የጭላሎ ተራራ የወረደ ውሃ ኮሪደሩን ያቋርጣል። ከጎን ሲያዩት የተንጋደደ ሰማያዊ ነገር ነው። ደፉ ላይ የጫማ ዱካ ሣልኩና "እዚህ ይቁሙ" ብዬ ጻፍኩ። በጥበቤ ኮራሁ።

የምርቃቱ ዕለት ከፊት የመጡት አንድ ሀጂና አንድ ቄስ ነበሩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ሀጂ፣ "መምሬ ይቅደሙ" አሉ። መምሬ፣ "ኧረ ሀጂ፣ በሞቴ እርስዎ" አሉ። አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ገለል አሉ፤ ከኋላ ያለውም እንዲሁ። በመጨረሻ ሁሉም ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ገባ። ዱካዬን የረገጠ አንድም ሰው የለም።

መምሬ ወለሉን አይተው አዘኑ። "ልጆቼ፣ ቀለም ተደፍቶባችሁ ነው?"

ኃላፊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ነገ ክሬሙ ይገዛል" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ሄጄ ዱካው ላይ ቆምኩና ከዚህ ሆነው እንዲያዩ ለመንኳቸው። እነሱ እንደገና መገባበዛቸውን ያዙ። ከወንዙ ማዶ የቆሙትን ሀጂን እጃቸውን ይዤ ላመጣ ተንደረደርኩ። ጭንቅላቴ ቀለም መሆኑን ያውቃል፤ እግሬ ግን ጢቾ ገጠር ወንዝ እየዘለለ ያደገ ነው፣ ውሃ ካየ አይጠይቅም። ዘለልኩ። ማዶ ያረፍኩት በመቀመጫዬ ነው።

ሰው ሁሉ በይሉኝታ ሳቁን ዋጠ። ሀጂ ብቻ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ምን አይተህ ነው የዘለልከው?" ብለው ሄደው ዱካው ላይ ቆሙ። ቀስ ብለው የጀለቢያቸውን ጫፍ ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ በኋላ "ይቅደሙ" የሚል ጠፋ፤ መምሬም ሳይቀሩ ተጋፉ።

ክሬሙ ሳይገዛ ቀረ። ኃላፊው በንግግሩ ዝላዩ የዝግጅቱ አካል እንደነበር ገለጸ። ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይደውልልኝ ጀመር፤ "ጋሼ፣ መጥተው ይዝለሉልን።" በስተርጅና ከሠዓሊነት ወደ ዘላይነት አደግሁ። በቆጂ ሯጭ አላት፤ አሰላም እኔን አገኘች።

ዳሌዬ እምቢ ሲል ወንዙን ፍቄ እንደገና ሣልኩት። አሁን ዱካው ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ ሰው መገባበዙን ጨርሶ ቀና የሚልበት ቦታ ላይ። ብሩሽ የያዛችሁ ልጆች፣ መጀመሪያ ሰው የት እንደሚቆም እዩ። ምስማሩን ከዚያ ምቱ።