ኪቶ ላይ ፀሐይ በአሥራ ሁለት ሰዓት ትወጣለች

ካናዳ በገባሁ በዓመቱ፣ ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር ውስጥ በምንማርበት የእንግሊዝኛ ክፍል የመጨረሻው ፈተና የሌላ ሰው አገር ቆሞ ማስተዋወቅ ነበር። የወደቀ ኮሌጅ መግባቱ ቀርቶ ያንኑ ክፍል ይደግማል። እኔ ደግሞ የአረጋውያን እንክብካቤ ለመማር ቸኩያለሁ። ያጣመሩኝ ከኢኳዶር ከመጡ ትልቅ ሴት ጋር ነው፤ እኔ የእሳቸውን አገር፣ እሳቸው የእኔን።

ሴትዮዋ በእረፍት ሰዓት አገራቸውን አስጠኑኝ። ኢኳዶር ስሟን ያገኘችው ምድርን ለሁለት ከሚከፍለው መስመር ነው። ዋና ከተማዋ ኪቶ ከአዲስ አበባም ከፍ ትላለች፤ እሳተ ገሞራ ካለበት ተራራ ሥር ቀጠን ብላ ተዘርግታለች። ጠዋት ሹራብ፣ ቀትር ላይ ጥላ ያስፈልጋል። ድንችና አይብ ያለበት ሾርባ ይወዳሉ። ዓመቱን ሙሉ ቀኑና ሌሊቱ እኩል ነው። ታኅሣሥ ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ለሚጨልምብኝ ለእኔ፣ ይኼኛው ከሁሉም በለጠብኝ።

ቀኑ ደርሶ ቆምኩ። እስከ ሾርባው ድረስ ጥሩ ሄድኩ። ከዚያ "ኪቶ ላይ ፀሐይ በአሥራ ሁለት ሰዓት ትወጣለች፣ በአሥራ ሁለት ትጠልቃለች" አልኩ። አፌ እንደለመደው መቁጠሬ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ስድስት ለማለት ነው። አርሚው" አለች አስተማሪዋ፣ እሷም እየሳቀች።

ባትስቅ ኖሮ አርመው ነበር። ደሜ ፈላ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ሰሌዳው ላይ ሰዓት ሣልኩ።

"ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ከዚያ አንድ፣ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። እናንተ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ቀን ታስጀምራላችሁ፤ በማን ነው የሚሳቀው?"

"ኪቶ ውስጥ እንደዚያ አይቆጥሩም።"

"ፀሐይዋ ግን እንደዚያ ነው የምትወጣው።"

"ስድስት በዪና ላሳልፍሽ።"

"አልልም።"

ተራው የሴትዮዋ ሆነ። ሌሊት ቢሮ ማጽዳት ጉልበታቸውን ጨርሶት ስለነበር ማለፍን ከእኔ ይበልጥ ይፈልጉት ነበር። እባክዎ እርስዎ ስድስት ብለው ይለፉ ብዬ በዓይኔ ለመንኳቸው። እሳቸው እቴ! ዓይናቸውን ከአስተማሪዋ ሳይነቅሉ፣ "ኢትዮጵያ ፀሐይ በአሥራ ሁለት ሰዓት የምትወጣባት አገር ናት" አሉ። "ከዛሬ ጀምሮ የእኔም አገር እንደዚያው ናት።"

አሁን የሳቀ አልነበረም።

ሁለታችንም ወደቅን። በቀጣዩ ተርም ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ከአስተማሪዋ አፍንጫ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥን።