ሳያመው የተመረመረው ኮርቻ ሰፊ

ደርበው እንጅባራ ከተማ ውስጥ ኮርቻ ይሰፋል። የፈረስ ግልቢያው ወር ጥር ሲቃረብ ከሱቁ ደጅ ፈረስ አይጠፋም። የያዘውን ሥራ ሳይጨርስ አይነሳም፤ ይህን ጠባዩን የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክሩለታል።

ታላቅ ወንድሙ ይኸነው ሽንት ሲያስቸግረው ብርድ ነው እያለ ዓመት ቆየ። ወገቡን ሲቆርጠው የእርሻ ድካም ነው አለ። በመጨረሻ ደርበው ይዞት ባሕር ዳር ሲሄድ የፕሮስቴት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ ከቤተሰቡ በዚህ የታመመ እንዳለ ጠየቀ። ደርበው አባታቸውን አስታወሰ፤ ሽንት ከልክሎት ነው የሞተ ይባል ነበር። ሐኪሙም ዕድሜ ሲገፋ፣ ይልቁንም አባት ወይም ወንድም የታመመበት ሰው ላይ ስጋቱ እንደሚበረታ፣ በሽታው ሲጀምር ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት እንደሌለው ነገረው።

ይኸነው በ2007 ዓ.ም. አረፈ። ተዝካሩ እንደወጣ ደርበው ሊመረመር መሆኑን ለሚስቱ ለይታይሽ ነገራት።

«ምንም ሳያምህ?» አለችው።

«ካመመኝ በኋላማ ይኸነውም ሄዷል» አላት።

አጎቱ አቶ ደጉ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሲሉ ተቆጡት። ደርበው ግን በማግሥቱ ሚኒባስ ተሳፈረ።

የደሙ ምርመራ ውጤት ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ወጣ። ሐኪሙ ይህ ብቻውን ካንሰር ነው እንደማያሰኝ፣ የፕሮስቴት ዕጢው ማበጥ ወይም ኢንፌክሽንም እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል አስረዳው። ከዚያ በፊንጢጣው በኩል በጣት መመርመር ነበረበት። ደርበው እዚህ ላይ ሀፍረት ያዘው፤ ጫማውን አጥልቆ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ወንድሙ በአልጋው ላይ ሲያቃስት ትዝ አለውና ተመልሶ ተኛ። ከዕጢው ናሙና ተወሰደለት። ካንሰር ነው፤ ነገር ግን ከዕጢው አልወጣም ተባለ።

አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ማገገሙ ቀላል አልሆነም። ለወራት ሽንቱን መቆጣጠር ስላቃተው ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንኳ ተወ። ይታይሽ ጨርቁን እያጠበች፣ ሲያለቅስ ስታየው እንዳላየች እያለፈች አሳለፈችው። ቀስ እያለ ተሻለው፤ መስፊያውንም አነሣ።

የቀረው ታናሽ ወንድሙ ነጋ ነበር። አዘና በሚባል አካባቢ ገበሬ ነው፤ መመርመርን አይሆንም ብሎ ሸሽቷል። ደርበው ድንች ማሳው ድረስ ሄደ። ነጋ አፈር እየጫረ፣ ቀዶ ሕክምናው ወንድነቱን ወስዶበታል ብለው ሰዎች የሚያወሩት እውነት እንደሆነ ጠየቀው።

ደርበው አልደበቀውም። «እንደ ድሮዬ አይደለሁም» አለው። «ግን አለሁ። አባታችንን ቀበርን፣ ይኸነውን ቀበርን። እኔን ግን አልቀበርኸኝም። በል ተነሥ።»

ነጋ ተነሣ። ደሙ ደህና ሆኖ ተገኘ፤ የቤተሰቡ ነገር ስላለ ግን በየጊዜው እንዲመላለስ ተነገረው።

ቀጥሎ ደርበው በእድሩ ስብሰባ ላይ ተራ ጠይቆ ቆመ። ሽንት ብሎ ሲጀምር ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ፤ ከኋላ የሳቀም ነበር። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ሃምሳ የሞላው፣ ከቤቱ የታመመበት ደግሞ ከዚያም በፊት፣ ሐኪም ያማክር አለ። የደረሰበትንም ሁሉ ተናገረ።

አሁን ኮርቻ የሚያዩ መስለው ሱቁ የሚገቡ ወንዶች አሉ። ደርበው መቀመጫ ዱካውን ያቀርብላቸውና ያደምጣቸዋል። አንዳንዱ ሄዶ ይመረመራል። የሚያመነታውን ደርበው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቀዋል፤ እንቢ ሲለውም በሌላ ቀን ይመለሳል።