«መጣሁ» ያልኩበት ማለዳ

በአማርኛ ውስጥ እንደ «መጣሁ» ያለ አጭበርባሪ ቃል የለም። ሰውየው ገና ሊሄድ ከወንበሩ እየተነሳ ነው፤ አፉ ግን ሄዶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ ተመልሷል። ቧንቧ ሠራተኛው «መጣሁ» ብሎ ሳምንት ይጠፋል፤ የቢሮ ጸሐፊዋ «መጣሁ» ብላ ሹራቧን ወንበሩ ላይ ትታ ምሳዋን ትበላለች። ማንም አይቀየምም፤ ከጓደኛዬ በቀር።

እሱ የሚቀየመው በእኔ ምክንያት ነው። ሁለታችንም ሃያ ዓመት ያልሞላን ወታደሮች ሳለን ሰሜን ውስጥ አንድ ምሽግና አንድ ብርድ ልብስ እንጋራ ነበር። አንዳችን ብንወድቅ ሌላው ጥሎ ላይሄድ ቃል ተገባባን። የምንምልበት ነገር ስላልነበረን አንዲት ሲጋራ ለሁለት አጨስንና ቃሉን አጸናን። የማፈግፈግ ትእዛዝ በመጣ ማለዳ እሱ ጭኑን ተመታ። ጎትቼ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር አስቀመጥኩትና «ቃሬዛ ላምጣ፤ መጣሁ!» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የተያየነው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተን፣ ሾላ ገበያ ውስጥ ነው። በርበሬ እያሸተትኩ ከነጋዴዋ ጋር ስከራከር አንድ ዱላ የያዘ ሰውዬ አጠገቤ ቆሞ ፊቴን ሲያጠና ቆየ።

«መጣህ?» አለኝ።

ድምፁን ሳውቀው በርበሬው ከእጄ ወደቀ። ተቃቅፈን ስናለቅስ ነጋዴዋ በርበሬው ዓይናችን ውስጥ የገባ መስሏት ውኃ ይዛ መጣች።

ያን ቀን እሱን ያነሱት ጠላት የምንላቸው ሰዎች ናቸው። ማርከው ቁስሉን አከሙለት፤ አስረው ካቆዩት በኋላም ለቀቁት። «ጠላት መጣሁ ሳይል መጣ፣ ጓደኛዬ መጣሁ ብሎ ቀረ» እያለ ይህን ያላወራበት ሠርግና ክርስትና የለም።

ሐኪም ለስኳር በሽታው የእግር ጉዞ ስላዘዘለት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ከአያት ሰፈር፣ እኔ ከወሰን ተነስተን የካ ሚካኤል አካባቢ እንገናኝና ወደ እንጦጦ በሚወስደው ጫካ ሽቅብ እንወጣለን። መጀመሪያ ግን ማኪያቶ ይጠጣል። አስተናጋጇ ትእዛዝ ተቀብላ ስትሄድ «መጣሁ ጋሼ!» ካለች አለቀላት።

«መቼ መጣሽ? ይኸው እየሄድሽ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ ጋሼ፣ አሁን እመለሳለሁ ለማለት ነው።»

«እንደሱ በያ! እኔ በመጣሁ የተበላሁ ሰው ነኝ» ይልና በዱላው ወደ እኔ ይጠቁማል።

በእሱ ፊት ቃሉ ክልክል ስለሆነ ሽንት ቤት እንኳ ስሄድ «ሄጄ፣ ታጥቤ እመለሳለሁ» እላለሁ።

ለምን እንደቀረሁ ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ሳይጠይቀኝ የነገርኩት እኔው ነኝ። መጀመሪያ ጉም መንገድ አሳሳተኝ አልኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉሙ ብቻውን የሚበቃ ስላልመሰለኝ መድፍ ጨመርኩበት። ከዚያ ገደል ገባሁ። ከዚያ አንድ ሻለቃ ሽጉጥ ደገነብኝ። አሁን ታሪኩ ውስጥ አንዲት በቅሎም አለች፤ ከየት እንደመጣች እኔም አላውቅም።

«ባለፈው ቅዳሜ በቅሎዋ ነጭ ነበረች» ይለኛል ረጋ ብሎ።

«ጭቃ ነክቷት ነው» እላለሁ።

እውነቱ አጭር ነው። ከኮረብታው ሥር አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ ነበር። ወጣሁበት። ማንም አልገፋኝም፣ ማንንም ቃሬዛ አልጠየቅኩም። አፍራለሁ፤ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ይህን ያወቀ ቀን ቅዳሜዎቼ ያበቃሉ ብዬም እፈራ ነበር፤ ከጡረታ በኋላ ከእነዚያ ቅዳሜዎች ሌላ ብዙም ነገር የለኝማ።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ታዲያ፣ ጫካው መሐል እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል አንሸራተተኝና ወደቅኩ። ቁርጭምጭሚቴ ወዲያው አበጠ። ጓደኛዬ ዱላውን ተደግፎ ከላይ ወደ ታች አየኝ።

«ምነው ወታደር? በቅጠል ተመታህ?»

መቆም አልቻልኩም። አንድ ድንጋይ አስደገፈኝ። ዞር ዞር ብሎ አካባቢውን አየና፣ ከሾላ ወዲህ ስለ ራሱ ሲለው ሰምቼ የማላውቀውን ቃል ቀስ አድርጎ፣ እያጣጣመ ተናገረው።

«መጣሁ።»

እያነከሰ ሄዶ ዛፎቹ መሐል ጠፋ። ስልኬን ሳወጣ ባትሪው ሞቷል። መጀመሪያ ሳቅኩ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሳቁ ተወኝ። አንዲት ቅጠል የተሸከመች ሴት ስታልፍ አየችኝ።

«ምን ሆነው ነው አባባ?»

«ጓደኛዬ መጣሁ ብሎኝ ሄዷል።»

ወደ ዛፎቹ አየት አደረገችና ፈገግ አለች። «እንግዲያማ ይጠብቁታ» ብላኝ አለፈች።

ጠበቅኩ። ኮሽ ባለ ቁጥር አንገቴን አቀና ነበር። ደረቅ ቅርንጫፍ ሲሰበር «እሱ ነው» እላለሁ፤ አይደለም። ያ ልጅ ጭኑ እየደማ ስንት ጊዜ እንዲህ አንገቱን እንዳቀና ያን ጊዜ ገባኝ። ዕድሜዬን አስቤ እንኳ ማፈር አልቻልኩም፤ ስሙን እየጠራሁ ጮህኩ።

«ኧረ ቀስ! ጆሮዬ ደህና ነው» አለ።

ሃያ እርምጃ ከማይሞላ ቦታ፣ ከአንድ ወፍራም ባሕር ዛፍ ጀርባ ብቅ አለ። እጁ ላይ ቆሎ፣ ዓይኖቹ ግን ቀይ።

«አልሄድክም እንዴ?»

«ልጄ መኪና ይዛ እንድትመጣ ደውያለሁ። አንተን አንድ ሰዓት ላስጠብቅህ አስቤ ነበር፤ ከዚያ ዛፍ ማለፍ አቃተኝ።»

አጠገቤ ተቀመጠና ቆሎውን አካፈለኝ። ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም።

«ስማኝ፤ ጉም የለም፣ ሻለቃም የለም። መኪናው ላይ በገዛ እግሬ ነው የወጣሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ታውቃለህ?»

«ያስቀመጥከኝ ቦታ ቁልቁል ያሳይ ነበር እኮ። ስትወጣ አይቼሃለሁ። ለመሳፈር ስትንጠላጠል አንድ ጫማህ ወልቆ ቀረ።»

ጫማውን ረስቼው ነበር። እውነት ነው፤ ወልቋል።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልከኝ?»

ቆሎውን አኝኮ እስኪውጥ አስጠበቀኝ። «እስር ቤት ሆኜ ባገኝህ እገድልህ ነበር። ሾላ ሳገኝህ ግን ከዚያ ምሽግ ሰዎች የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ። ደግሞ በቅሎዋ ከመጣች በኋላ ማን ያስቁምህ?»

ሳቅን። እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ፤ እሱ ቆሎ ትን አለው።

በማግስቱ ወጌሻ እግሬን አሽቶ አሰረልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እቤት ተጋድሜ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ዱላ ፍለጋ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ፣ ሳላስበው፣ እንደማንኛውም ሰው «መጣሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ቅዳሜ መሆኑ ትዝ አለኝ። ክው ብዬ ቆምኩ።

«ቀስ በል» አለ ጓደኛዬ ከበሩ ማዶ። «እጠብቃለሁ።»