በገበያ የተሰበከ ንስሐ

ዛሬ ጎረቤቴ ለአራስ ሴት ልጇ የፍየል መረቅ ስትሠራ ሽታው እኔ ቤት ድረስ መጣ፤ መቀመጥ አቅቶኝ ወጣሁ።

ንጉሡ አንኮበር በተቀመጡበት ዘመን እኛ ከገደሉ ሥር፣ አልዩ አምባ እንኖር ነበር። እናቴ ወንድሜን ስትወልድ አባቴ ዘመቻ ሄዶ ነበር፤ ቤታችንም የሚቀመስ አልነበረበትም። ጎረቤታችን ሼህ ሙሜ የሚባሉ ሽማግሌ ነጋዴ ካረዱት ፍየል መረቅ ላኩላት። ጠጥታ ዳነች። ስትበረታም ለንስሐ አባቷ ተናዘዘች።

አባቴ እንደተመለሰ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በተሰበሰበበት ገበያ፣ እኚሁ ቄስ ድንጋይ ላይ ቆመው ስለ ኃጢአት ሰበኩ። ሁሉም ጸጥ ብሎ ሲያዳምጥ መስቀላቸውን ወደ እናቴ ዘረጉ።

«ኃጢአት ምን እንደሚመስል እዩ! ይህች የእስላም እርድ ቀምሳለች!»

ሼህ ሙሜ ሰዉን ገፍተው ወጡ። «አባ፣ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ነፍሷ ልትወጣ ነበር። አላህ ያውቃል፣ ሃይማኖቷን አልነካሁም።»

«ሰማችሁ?» አሉ ቄሱ እየሳቁ። «ምስክር ስፈልግ ራሱ መጣ!»

ክርስቲያኑ እልል አለ። አባቴ የእናቴን ማተብ በቢላዋ በጠሰና ሕፃኑን ከጀርባዋ ፈታ። እኔን በእጄ እየጎተተ ሽቅብ ወደ አንኮበር ሲወስደን ዞሬ አየኋት። እንዳትከተለን ሴቶች ይዘዋታል። ወንድሜ ባለቀሰ ቁጥር ወተቷ እየፈሰሰ ቀሚሷን ያርሰው ነበር።

ያን ቀን የነበሩ ሽማግሌዎች፣ እንደዚያ ያለ ሰባኪ ከዚያ ወዲህ አልመጣም ይላሉ።